ክርክር፦ ሃሪሰን በርጀሮን ነጻ አውጪ ነው ወይስ ተረኛ ንጉሥ?

አወያይ፦ መነሻችን አሜሪካዊው ከርት ቮኔገት እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው «ሃሪሰን በርጀሮን» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። ዘመኑ 2081 ሲሆን፣ ሕጉ ሰውን ሁሉ በግድ እኩል አድርጎታል፤ ብርቱው ሸክም ይሸከማል፣ ቆንጆዋ ጭምብል ታጠልቃለች፣ የአስተዋዩን ሐሳብ ደግሞ ጆሮው ላይ የተገጠመ ሬዲዮ በየሃያ ሴኮንዱ ገደማ በጩኸት ይበትንበታል። የ14 ዓመቱ ሃሪሰን ከእስር አምልጦ፣ በቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ሸክሙን በጣጥሶ ሲጥል በጥይት ይገደላል። ደራሲው የሚነቅፈው እኩልነትን ነው?

አንደኛ ተከራካሪ፦ አዎን። የአባትየውን የጆርጅን አንገት ተመልከቱ፤ 47 ፓውንድ፣ ማለትም 21 ኪሎ ያህል የአረር ፍሬ የያዘ ከረጢት ተቆልፎበታል። ሚስቱ ሄዘል ቤት ውስጥ እንኳ ጥቂቱን አውጥቶ እንዲያርፍ ብትለምነው፣ ለእያንዳንዷ ፍሬ ሁለት ዓመት እስራትና 2000 ዶላር መቀጮ እንዳለ ይነግራታል። ደካማውን ማንሳት ትቶ ብርቱውን ወደ ታች የሚጎትት ሥርዓት መጨረሻው ይኸው ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ከረጢቱን በሚገባ አሳይተውናል፤ የልጁን ንግግር ግን ዘለሉት። ሸክሙን ገና ሳይጥል «ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ብሎ ሁሉም በአስቸኳይ እንዲታዘዘው ያዝዛል፤ ሙዚቀኞቹንም አሳምረው ከተጫወቱ በመሳፍንት ማዕረግ እንደሚሾማቸው ቃል ይገባል፤ በእኛ አነጋገር ራስና ደጃዝማች አደርጋችኋለሁ እንደማለት ነው። ታዲያ ከገደለችው ከሸክም አዳዩዋ ሹም ከዳያና ሙን ግላምፐርስ በምን ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት በተነሳ የትምህርት በጀት ሙግት፣ ባለጸጋ ወረዳዎች የበለጠ ገንዘብ እንዲያወጡ ይፈቀድ ያሉ ጠበቆች ይህንኑ ድርሰት ሲጠቅሱ፣ ደራሲው ራሱ ድርሰቱ ስለ ተሰጥኦና ስለ ማስተዋል እንደሆነ፣ ሀብት ደግሞ የሁለቱም ማስረጃ እንደማይሆን ተናግሮ አልተስማማም።

አንደኛ ተከራካሪ፦ ንጉሥነቱን አልክድም፤ ከትእዛዝ በቀር ሌላ ሳያይ ያደገ ልጅ ሲያምፅም የሚያውቀው ማዘዝን ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ እናቱስ? ጆርጅ ቢራ ይዞ ከወጥ ቤት ሲመለስ ሄዘል እያለቀሰች ያገኛታል፤ የልጇን ሞት በቴሌቪዥን አይታለች፣ ነገር ግን ምን እንዳስለቀሳት ረስታዋለች። እርሷ እኮ ሬዲዮም ሸክምም የለባትም፤ ይህን መርሳት በሕጉ ማሳበብ ይከብዳል።

አንደኛ ተከራካሪ፦ ሬዲዮ ያልተገጠመላት አማካይ ስለሆነች ነው፤ ሕጉ ሌላውን ሁሉ ያወረደው ወደ እርሷ ልክ ነው።