ልጄን ቤት ማስተማር ጀምሬ ሁሉም አንደኛ ሆነብኝ፤ ምኑን ላስቀድም?

የሦስቱ እናት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ትልቋ ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ ኖቬምበር ላይ 6 ይሞላታል። ወንዱ 3 ተኩል ሆኖታል፣ ትንሿ የ7 ወር ሕፃን ናት። ባለቤቴ ሌሊት ይሠራና ጠዋት ይተኛል። ትልቋን ዘንድሮ ቤት ላስተምራት ወስነናል። ለምን ብላችሁ እንዳትሟገቱኝ፣ እሱ አልቋል።

ችግሬ ሌላ ነው። ገና ሳልጀምር ሙሉ የትምህርት ጥቅል በ600 ዶላር ገዛሁ። ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ የእጅ ጽሕፈት፣ ሁሉም በየቀኑ ተሸንሽኖ የተቀመጠ። ነጭ ሰሌዳ ሰቀልኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት የሚል ፕሮግራም ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን ወንዱ በማርከር ሶፋውን ቀባው። ሕፃኗ መጽሐፍ ስከፍት ጠብቃ ነው መሰለኝ የምታለቅሰው። ባለፈው ሐሙስ ትልቋ «ዛሬም ትምህርት አለ?» ብላ ስታለቅስ እኔም መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ገና ሁለት ሳምንታችን ነው።

በዚያ ላይ አማርኛው አለ። ትሰማለች፣ የምትመልስልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ፊደል ላስቆጥራት እፈልጋለሁ፣ እንግሊዝኛ ማንበቧም ያስጨንቀኛል፣ ሒሳቡም አለ። እናንተ ብትሆኑ ምኑን ታስቀድማላችሁ? ምኑንስ ትተዉታላችሁ?

ሪችመንድ 04፦

ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ጨርሺ። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 5 ዓመት የሞላው ልጅ ትምህርት ግዴታው ነው። ቤት አስተምራለሁ የሚለውን ማሳወቂያ እስከ ኦገስት 15 ለወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት መላክ አለብሽ። አብሮ የሚጠየቀው የምታስተምሪያቸው ትምህርቶች ዝርዝር ነው። ዝርዝር ብቻ! የየቀኑን ዕቅድ ጽፈሽ አትላኪ፣ ማንም አልጠየቀሽም። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ልጅሽ ግን በሴፕቴምበር 30 ገና 6 ስለማይሞላት የዘንድሮው አይመለከታትም። ስለዚህ ፈተና ምናምን ብለሽ አትጨነቂ። ሌላ ስቴት ያላችሁ ይህን ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል። ጎረቤታችን ሜሪላንድ እንኳ የልጁን ሥራ በፋይል እያስቀመጡ ማስገምገም አለ።

አራት አሳዳጊ፦

ዋይ እህቴ፣ ሶፋው ጋ ስደርስ ሳቅሁ፣ ይቅርታ። የእኔ የተቀባው ግድግዳ ነበር። ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያንቺኑ ነበር ያደረግሁት።

ያንን ፕሮግራም ከማቀዝቀዣው ላይ አንሺው። ትምህርት ቤት ያን ያህል ሰዓት የሚፈጀው ሃያ ምናምን ልጅ ስላለ ነው። ሰልፉ አለ፣ ጃኬት ማውለቁ አለ፣ ተራ መጠበቁ አለ። አንቺ ያለችሽ አንዲት ተማሪ ናት። ለ5 ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነገር 30 ደቂቃ በቂ ነው፣ እሱም ተቆራርጦ፣ ሕፃኗ ስትተኛ።

እኔ የማስቀድመው ማንበብን ነው፣ ግን የምታነቢው አንቺ ነሽ። ሶፋው ላይ (የተቀባው ላይ) ሁለቱንም አጠገብሽ አድርገሽ፣ ሕፃኗን ታቅፈሽ፣ በቀን ሁለት ሦስት መጽሐፍ አንብቢላቸው። ላይብረሪ ነፃ ነው፣ ለትንንሾች የተረት ሰዓትም አላቸው። ባልሽ ጠዋት ስለሚተኛ ቤቱን ለቃችሁለት ትወጣላችሁ። ፊደል ማወቁን በተመለከተ የእንግሊዝኛውን ስም ሳይሆን ድምፁን አስተምሪያት። ዳብልዩ ብላ ስትጠራው ያ ስም ለማንበብ ምን ይጠቅማታል? በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ሒሳብ ወጥ ቤት ውስጥ ሞልቷል። ሽንኩርት ትቁጠር፣ ሳህን ለአምስት ሰው ታቅርብ፣ ካልሲ ታጣምር። እኛ በ12 እንቁላል ካርቶን ላይ ሽምብራ አድርገን ገበጣ እንጫወታለን። አራት አራት ስትዘራ መደመር መሆኑን ራሷም አታውቀውም።

ሳይንስና ታሪክ የሚሉትን መጻሕፍት ቁም ሳጥን ላይ ስቀያቸው። አይበላሹም፣ ይቆዩሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልቋን ከመያዝሽ በፊት ወንዱን 10 ደቂቃ ብቻውን አጫውቺው። ያ ልጅ ሶፋ የሚቀባው ስላላየሽው ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጡረተኛዋ፦

ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ አንደኛ ክፍል ለረጅም ዘመን ያስተማርኩ ነኝ፣ አሁን የልጅ ልጅ እጠብቃለሁ። ስለ አማርኛው ልንገርሽ። ፊደሉን አታስቀድሚ፣ አፏን አስቀድሚ። የማትናገረውን ቋንቋ ብታነበው ለእሷ ዝም ብሎ ድምፅ ነው። ስትመልስልሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ አትቆጪ፣ አንቺ በአማርኛ ደግመሽ በይላትና ቀጥዪ። ተረት ንገሪያት። እንቆቅልሽ ተጫወቱ። ካላወቀች አገር ትስጥሽ። የእኔዋ ሁልጊዜ ሎስ አንጀለስን ነው የምትሰጠኝ፣ አዲስ አበባን ለራሷ ይዛለች።

ፊደሉ ሲመጣ ደግሞ 231ዱን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ብቻ አታስወጪያት። በዜማ የወጣ ልጅ መሐል ላይ ጣትሽን ስትቀስሪ ከሀ ካልጀመረ አያውቀውም፣ ስንቱን አይቻለሁ። በስሟ ፊደላት ጀምሪ። ቀጥሎ «እማ»፣ «አባ»፣ «ቡና»። ካዕቡ ብዙውን ጊዜ ቀኝ ጎኑ ላይ ጭረት ያወጣል፣ ሣልሱ እግሩ ላይ፣ ይህን ልጅ ራሱ ሲያገኘው ይደሰታል። አስቸጋሪው ሳድሱ ነው፣ እሱ መልኩን እንደፈለገ ይለዋውጣል፣ በእሱ ላይ ቆዪ። ሐመሩ ሐንና ብዙኃኑ ኀን፣ ንጉሡ ሠንም ለጊዜው ተያቸው። የእኛ ፊደል ግን አንድ ደግነት አለው፣ ለ ስሙም ለ ነው፣ ድምፁም ለ ነው። የእንግሊዝኛውን ያህል አያደክማትም።

የኮሎኟ፦

እኛ ጀርመን ይህ ጥያቄ ራሱ አይነሳም። ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው፣ ቤት አስተምራለሁ ማለት አይቻልም። እኔ ያለኝ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ብቻ ነው። ጡረተኛዋ የጻፉትን ቀድቼ ወስጃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐመሩን ግን እኔ ቶሎ ነው ያስተማርኩት፣ የልጄ ስም በእሱ ስለሚጻፍ።

ጡረተኛዋ፦

እሱማ ስሙ ከሆነ መጀመሪያ ነው እንጂ።

ሚኒሶታው፦

እህቴ፣ ሁሉም ምን ታስተምሪ ብለው መከሩሽ፣ ባልሽ የት አለ? እኔም የሌሊት ሠራተኛ ነኝ፣ ገብቶኝ ነው የምናገረው። ስነሳ 8 ሰዓት ነው፣ ከዚያ እስከ ማታ ልጆቹ የእኔ ናቸው። ሳይክል፣ መናፈሻ፣ ሱቅ። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ያነቡልኛል። ሚስቴ በሩን ዘግታ ትተኛለች፣ ማንም አይቀሰቅሳትም። በመጀመሪያው ዓመት ይህ አልነበረንም፣ እሷም በዲሴምበር «በቃኝ» ብላ ነበር። ከመጽሐፉ በፊት የአንቺን ሁለት ሰዓት ፕሮግራም ላይ አስገቢ።

የሦስቱ እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሪችመንድ፣ ወረቀቱን ጁላይ ላይ ልኬያለሁ። የ30 ቀን ዕቅድ ጽፌ አብሬ ልኬላቸዋለሁ፣ ሳቁብኝ።

የሚኒሶታውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ «ከ8 ሰዓት በኋላ እኔ ነኝ» አለ። እስቲ እናያለን። ፕሮግራሙን አውርጃለሁ። ጠዋት መጀመሪያ ወንዱ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ንባብ፣ ሕፃኗ ስትተኛ አሥር ደቂቃ ድምፅ። አማርኛው በአፍ ብቻ፣ ፊደሉ ከገና በኋላ። እትዬ ጡረተኛዋ፣ ዛሬ ማታ እንቆቅልሽ ሞክረን ልጄ ኢትዮጵያን ሙሉውን ሰጠችኝ፣ ስንት እንደሆነ አላወቀችም መሰለኝ።

አራት አሳዳጊ፣ ሳይንሱና ታሪኩ ምንም አልተነካም፣ ከሒሳቡ ላይ ሦስት ገጽ ብቻ ነው የተጻፈበት። የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ።

አራት አሳዳጊ፦

ቁም ሳጥን ላይ ስቀዪው አልኩሽ እንጂ መቼ ሽጪው አልኩ? ሒሳቡ ብቻውን ስንት ነው?