የቤት እድሳት ውል ከመፈረሜ በፊት ምክር እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ኮተቤ በ1970ዎቹ የተሠራውንና ከእናቴ ጋር የምኖርበትን የብሎኬት ቪላ ለማደስ፣ በሳሎኑና በማዕድ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ ለማፍረስ፣ ከተቻለም አንድ ፎቅ ለመጨመር፣ ዲዛይኑንም ግንባታውንም አንድ ላይ ከሚሠራ ድርጅት ጋር ስንነጋገር ሦስት ወር ሆኖናል፤ ይሁን እንጂ ውሉን ለመፈረም እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

ድርጅቱ የሥራ ስዕሉ ሳይጠናቀቅ የጠቅላላ ዋጋውን 40 በመቶ በቅድሚያ እንድንከፍል ይጠይቃል፤ ዋጋው ደግሞ የእያንዳንዱን ሥራ መጠንና ነጠላ ዋጋ ሳይለይ በጥቅል የተጻፈ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዕቃ ዋጋ መዋዠቁ ይገባኛል፤ ነገር ግን ብረትና ሴራሚክ ቢወደድ ልዩነቱን በሙሉ እኛ እንድንሸፍን የሚያስገድደው አንቀጽ፣ ቢረክስ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን መሠረቱን ማንም ቆፍሮ ሳያየው፣ ግድግዳው ውስጥ ኮለን (ክብደት የሚሸከም የኮንክሪት ምሰሶ) ይኑር አይኑር ሳይጣራ፣ «ፎቁን ይሸከማል» መባሉ ነው። እናቴማ «ጣሪያው ካላፈሰሰ ምን አስቸገራችሁ?» ትላለች።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተቋራጩ ለግንባታው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ቢደነግግም፣ በቀረበልን ውል የተጠቀሰው ዋስትና የስድስት ወር ብቻ ነው።

በሙያው ያላችሁ ወይም በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትረዱኝ፦ የመዋቅር ምርመራውንና ዲዛይኑን ለብቻው ከፍለን፣ ስዕሉን ከተረከብን በኋላ ግንባታውን በሌላ ውል ብናስር ያዋጣናልን? ለቅድመ ክፍያውስ የባንክ ዋስትና (ድርጅቱ ግዴታውን ካልተወጣ ባንክ ገንዘባችንን እንዲመልስልን) መጠየቅ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተለመደ ነውን?