ለዕለት ምልልስ የሚሆን ኮርሳ፦ ጥንካሬው ከቴላዮው ነው ወይስ ከቸርኬው?

የክርክሩ አቅራቢ፦ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚመላለስበት ጠንካራ ኮርሳ ብስክሌት የሚፈልግ ሰው ምክር ሲጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «የብረት ቴላዮ (የብስክሌቱ አጽም) ያለውን ግዛ» የሚል ነው። ይህ ምክር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አሳሳች ነው ባይ ነኝ። የዕለት ተመላላሽን መንገድ ላይ የሚያስቀረው የቴላዮ መሰበር እምብዛም አይደለም፤ የኋላ ቸርኬ ሽቦ መበጠስ፣ የጎማ መጥበብና ከሱ ጋር የሚመጣው የጎማ መበሳት ብዛት ነው። ፓራፋንጎና የዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ የሌለው ብስክሌት ደግሞ ምንም ሳይሰበር ባለቤቱ ሰልችቶት ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ስለዚህ ገዢ ገንዘቡንና ትኩረቱን ከቴላዮው ይልቅ በቸርኬው፣ በጎማው ስፋትና በቀላሉ በሚገኝ መለዋወጫ ላይ ያውል እላለሁ። የማይስማማ ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።

የብረት ወገን፦ እኔ ገና ከመነሻው አልስማማም። ቸርኬም ጎማም ይለወጣሉ፤ ቴላዮ ግን ብስክሌቱ ራሱ ነው። ብረት የሚደጋገም ጫና ሲያርፍበት ከአሉሚኒየም የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ጫናው «የድካም ልክ» ከሚባል ከተወሰነ ልክ በታች እስከሆነ ድረስ ምንም ያህል ቢደጋገም አይሰነጠቅም። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ልክ ስለሌለው ትንሹም ጫና ከብዙ ጊዜ ድግግሞሽ በኋላ ዋጋ ያስከፍለዋል። በተጨማሪም ብረት አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይከዳም፤ አስቀድሞ ይጣመማል፣ ሲሰነጠቅም ከቀለሙ ሥር ቀጭን የዝገት መስመር ብቅ ይላል። የተሰነጠቀው ይበየዳል፣ የኋላ ማርሹ የሚንጠለጠልበት ጆሮ ቢጣመም እንኳ ይቃናል። ለብዙ ዓመታት በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የበለጠ ዋስትና ከየት ይመጣል?

መሐንዲሱ፦ ስለ ብረት የተናገሩት ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። የአሉሚኒየም ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.7 ግራም ገደማ ሲሆን የብረት 7.8 ያህል ነው፤ ግትርነቱም የብረትን ሲሶ ያህል ነው። ቴላዮ የሚነድፉ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ የአሉሚኒየሙን ቱቦ ከብረቱ ሰፋ አድርገው ይሠሩታል፤ የቱቦ ዲያሜትር በጥቂቱ ሲጨምር ግትርነቱ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ስለሚያድግ፣ በያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ጫና ዝቅ ይላል። «የድካም ልክ የለውም» ማለት ዕድሜው አጭር ነው ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ደኅንነት ደረጃ፣ አይኤስኦ 4210፣ ቴላዮ በፔዳል ጫና 100,000 ጊዜ ተደጋግሞ እንዲፈተን ሲያዝ ለብረት አያደላም። ስለ ብየዳው ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የጥሩ ብረት ቴላዮ ቱቦ መሃሉ ላይ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ፣ በርና መስኮት ብቻ የለመደ በያጅ እጅ ከገባ ይበሳል እንጂ አይጠገንም።

ጠጋኙ፦ ሁለታችሁም ስለማይሰበረው ነገር ትከራከራላችሁ። ወደ እኔ የሚመጣው ብስክሌት የኋላ ቸርኬው እየተወላገደ ፍሬኑን የሚነካ ነው። ሽቦው የሚበጠሰው መሃሉ ላይ አይደለም፤ ከሞዞው (ሽቦዎቹ ከሚሰበሰቡበት የቸርኬው መሃል) ጋር በሚያያዝበት መታጠፊያ አንገቱ ላይ ነው። የተበጠሰውን ጫፍ በቅርብ ብታዩት ከፊሉ ለስላሳና የጠቆረ፣ ከፊሉ ሻካራና የሚያብለጨልጭ ነው፤ የጠቆረው ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ የቆየው፣ የሚያብለጨልጨው በመጨረሻዋ ቅጽበት የተበጠሰው ክፍል ነው። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የክብደት ብዛት ሳይሆን የውጥረት ማነስና አለመመጣጠን ነው፤ የላላ ሽቦ ጎማው በዞረ ቁጥር እየረገበና እየተወጠረ አንገቱ ይደክማል።

ስለዚህ ለዕለት ምልልስ፣ በተለይ ከኋላ ቦርሳ ለሚጭን ሰው፣ 32 ወይም 36 ሽቦ ያለው ቸርኬ እንጂ ለውድድር የተሠራ ባለ 20 ወይም ባለ 24 አልመክርም። ከ36 አንዱ ቢበጠስ ቸርኬው ጥቂት ተወላግዶ ቤት ያደርሳል፤ ከ20 አንዱ ሲበጠስ ግን ቸርኬው ከቴላዮው ጋር እየተፋተገ አላስኬድ ሊል ይችላል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት በአንድ ጎን ያሉትን ሽቦዎች በጣቱ እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጥ፤ ተቀራራቢ ድምፅ ካላቸው ውጥረታቸው ተመጣጣኝ ነው። የኋላው ግራና ቀኝ ድምፅ ቢለያይ አይደንግጥ፤ የማርሹ ጎን ይበልጥ መወጠሩ ያለ ነው።

የቀድሞ ተወዳዳሪ፦ ውይይቱ «ጠንካራ» የሚለውን ከ«ከባድ» ጋር እያቀላቀለው ይመስለኛል። በየቀኑ ደረጃ የሚያወጣው፣ አቀበት የሚገፋው ሰው ብስክሌቱ ከከበደው በሁለተኛው ወር ይተወዋል። ቀላል አሉሚኒየም፣ 25 ሚሊሜትር ጎማ፣ ቸርኬውን ከሁለት ጎን ጨብጦ የሚያቆም የተለመደ ፍሬን፤ ይህ ለብዙ ዓመታት በቂ ነበር፣ ዛሬም በቂ ነው። ቸርኬውን ሳይሆን ሞዞው ላይ የታሰረ ዲስክን የሚጨብጠው የዲስክ ፍሬን ክብደትና ጣጣ ከመጨመር በቀር ለሥራ መንገድ ምን ይፈይዳል?

ተመላላሿ፦ እርስዎ የሚሉት ለደረቅ ቀን እውነት ነው። እኔ ግን በዝናብም እነዳለሁ። ቸርኬው ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ ስላለበት ብስክሌቱ ወዲያው አይዝም። ከውኃው ጋር የተለጠፈው አሸዋ ደግሞ የቸርኬውን ጎን በየፍሬኑ እየሞረደ ያሳሳዋል፤ በመጨረሻም የሳሳው ጎን በጎማው አየር ግፊት ተሰንጥቆ ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህም ነው ብዙ ቸርኬዎች ጎናቸው ላይ የማለቅ ምልክት፣ ትንሽ ጉድጓድ ወይም ቦይ፣ የሚደረግላቸው፤ ምልክቱ ሲጠፋ ቸርኬው አልቋል። በዲስክ ፍሬን የሚያልቀው ሸራውና ዲስኩ ነው፤ ቸርኬው አይነካም።

ስለ ጎማው ደግሞ 25 ሚሊሜትር የሚለውን አልቀበልም። ጠባብ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬው ጠርዝና በመሬቱ መካከል ይቆነጠጥና ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ያወጣል። ይህን ለመከላከል አየሩን ሲጨምሩት መንገዱ ሁሉ በእጅዎና በወገብዎ ይመጣል። የ32 ሚሊሜትር ጎማ በቀነሰ አየር ሁለቱንም ያቀላል። ውድድሩ ራሱ ከ23 ተነሥቶ ወደ 28ና ከዚያም በላይ ሄዶ የለም እንዴ?

የብረት ወገን፦ ስለ ጎማው ተመላላሿን እደግፋለሁ፤ ይህ ግን ወደ እኔ ነጥብ ይመልሰናል። ሰፊ ጎማ የሚያሳልፍ፣ ለፓራፋንጎና ለዕቃ መጫኛ ቀዳዳ ያለው፣ መሪው ከፍ ብሎ ወገብ የማያጎብጥ ኮርሳ ስትፈልጉ ከምታገኙት ውስጥ ስንቱ ብረት እንደሆነ ልብ በሉ። ዝርዝሩን ለማያውቅ ገዢ «ብረት ግዛ» ማለት ወደዚያው የሚያደርስ አቋራጭ ነው።

የክርክሩ አቅራቢ፦ እስካሁን ከቀረበው መከራከሪያ ጠንካራው ይህ ነው፤ ነገር ግን አቋራጩ ሁልጊዜ አያደርስም። ለውድድር የተሠራ አሮጌ የብረት ኮርሳ የኋላ ሹካው 25 ሚሊሜትር ጎማ እንኳ በጭንቅ የሚያሳልፍ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት የሚስበው ብረት ስለሆነ ብቻ የዕለት ብስክሌት አይሆንም። በአንጻሩ ሰፊ ጎማ፣ ቀዳዳዎችና 32 ሽቦ ያለው የአሉሚኒየም ኮርሳም አለ። ገዢው ቀዳዳውን በዓይኑ፣ በጎማውና በሹካው መካከል ያለውን ክፍተት በጣቱ ይፈትሽ። ጎማው ጎን ላይ «28-622» የሚል ጽሑፍ ቢያይ፣ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፤ 622 የተለመደው የኮርሳ ልክ ስለሆነ ምትክ ጎማ አያስቸግረውም።

ጠጋኙ፦ ስለ መለዋወጫ ከተነሣ ሰንሰለቱን አትርሱ። ከኋላ ባለ 8 ወይም ባለ 9 ማርሽ ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ ሰንሰለቱ ከባለ 12ው ወፍራም ነው፣ ርካሽም ነው። በመለኪያ 0.75 በመቶ ሲረዝም ከተለወጠ የማርሹን ጥርስ ያተርፋል፤ ችላ ከተባለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለ ዲስኩም፣ ለኔ ደንበኞች በዘይት ከሚሠራው በገመድ የሚሳበውን እመርጣለሁ፤ አያያዙ ትንሽ ቢያንስም ገመዱ የትም ይለወጣል። ዘይቱን ግን መሣሪያው የሌለው ሰው ባይነካው ይሻላል።

የቀድሞ ተወዳዳሪ፦ በ32 ሽቦና በ32 ሚሊሜትር ጎማ ተረትቻለሁ፤ አጭሩ የቸርኬ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ከ28 በላይ ጎማ ስለማያሳልፍም ክንዱ የረዘመውን ዓይነት መፈለግ ግድ ይሆንብኛል። በዲስኩ ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም። ጠጋኙ ራሱ እንደመሰከረው ከሚሻለው ዲስክ የሚመርጠው የሚያንሰውን ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ለመጠገን ያስቸግራል። የመጠገን ቅለት መለኪያ ከሆነ፣ ማለቁን በዓይን የማየው፣ የፍሬን ጎማውን ሁለት ብሎን ፈትቼ የምለውጠው የቸርኬ ፍሬን ለምን መጨረሻ እንደሚመጣ ተመላላሿ ወይም ጠጋኙ ያስረዱኝ።