አከራዬ ከመስኮቴ ሥር ሲያጨሱ አስሜ ይነሣብኛል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ተከራይዋ ከኮልፌ

ውድ ወገኖቼ፣ አስም ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያለ ቢሆንም፣ ላለፉት ብዙ ዓመታት በክረምት ካልሆነ በቀር ያን ያህል አያስቸግረኝም ነበር። ከአሥር ወር በፊት ኮልፌ አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ከገባሁ ወዲህ ግን ሁኔታው ተለወጠ። አከራዬ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ኪራይ ሳይጨምሩብኝ የቆዩ፣ ስታመም ሾርባ የሚልኩልኝ ደግ ሰው ናቸው። ነገር ግን ማታ ማታ ከእራት በኋላ በርጩማቸውን ከመስኮቴ ሥር አድርገው ሁለት ሦስት ሲጋራ ያጨሳሉ። የመስኮቱ ብረት በደንብ ስለማይገጥም ብዘጋውም ጭሱ ይገባል፤ መጋረጃውና የምለብሰው ጋቢ ሳይቀር ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ደረቴ ሲር ሲር እያለ ይቀሰቅሰኛል፤ ትራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቁጭ እልና ሰማያዊውን ኢንሄለር ሁለት ጊዜ እስባለሁ። 200 ጊዜ የሚነፋው ዕቃ ድሮ ከዓመት በላይ ይቆየኝ ነበር፤ የመጨረሻው ግን በሁለት ወር አለቀ።

በመሥሪያ ቤቴም ባልደረቦቼ ደረጃው ላይ ቆመው ስለሚያጨሱ፣ ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ትንፋሼ ያጥራል። እስካሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንድን ትልቅ ሰው በገዛ ግቢያቸው «አያጭሱ» ማለት እንዴት ይቻላል? ሰማያዊውን መድኃኒት በየቀኑ መውሰዴስ ይጎዳኛል? በሕግ በኩል የሚረዳኝ ነገር ካለም ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የሳሪሱ

እህቴ፣ ቤት ቀይሪ። ሌላ መፍትሔ አይታየኝም። እኔ በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ ቀይሬአለሁ።

መልስ፦ ነርስ ከጅማ

ቤት መቀየር የኪራይን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ምክር አይደለም፤ ደግሞም ከሚቀጥለው ቤት ጎረቤት የሚያጨስ እንደማይኖር ማንም ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ በጣም ካሳሰበኝ ነገር ልጀምር።

ሰማያዊው ኢንሄለር፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ በትንፋሽ ቧንቧ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ለጥቂት ሰዓታት ያላላል እንጂ ከሥሩ ያለውን ቁጣ አያበርድም። የሲጋራ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን የያዘ ሲሆን፣ አስም ያለበት ሰው ሲስበው ጡንቻው ከመጨማደዱ በላይ የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ያብጣል፣ አክታውም ይወፍራል። እብጠቱን የሚያበርደው በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት ነው፤ በአገራችን በብዛት የሚገኘውም ቤክሎሜታዞን የሚባለው ነው። በምህፃሩ ጂና ተብሎ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም የአስም ታማሚ በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከም ይመክራል። በዚሁ መመሪያ መሠረት ማስታገሻውን፣ ማለትም ሰማያዊውን ኢንሄለር፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚፈልግ ወይም ሌሊት በአስም የሚነቃ ሰው በሽታው በቁጥጥር ሥር አይደለም፤ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የማስታገሻ ዕቃ መጨረስም ለከባድ ጥቃት የመጋለጥ ምልክት ነው። እርስዎ አንዱን በሁለት ወር ጨርሰዋል። እባክዎ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ይህንኑ ቁጥር ለሐኪሙ ይንገሩት፤ «አስም አለብኝ» ከማለት ይልቅ «በሁለት ወር አንድ ዕቃ ጨረስኩ» ማለት ሐኪሙን ቶሎ ያነቃዋል።

አሳሳቡንም ያስተካክሉ፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ምላሱ ላይ ነፍቶ ያባክነዋል። ዕቃውን በደንብ ይነቅንቁት፣ ትንፋሽዎን አውጥተው ይጨርሱ፣ አፍዎን ገጥመው እየነፉ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ ከዚያም እስከ አሥር እየቆጠሩ ትንፋሽዎን ይያዙ። ሁለተኛውን ከመንፋትዎ በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ስፔሰር፣ ማለትም ኢንሄለሩ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ለመሳብ የሚረዳው ባዶ ዕቃ፣ ካላገኙ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይበቃል፦ አጥበው ሳይወለውሉት ያድርቁት፣ ቂጡን የኢንሄለሩ አፍ ልክ በሆነ ቅርጽ ይብሱት፣ ኢንሄለሩን እዚያ ሰክተው በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተንፍሱ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የተሠራና በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሕፃናት ላይ ሲሞከር ይህ ዘዴ ከፋብሪካው ስፔሰር የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። መከላከያውን ከወሰዱ በኋላ አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ። በዚያው መስኮት ሥር ከሰል ይቀጣጠላል? ዕጣንስ ይጨሳል? ቡናውን ማንም አይጠላውም፤ ነገር ግን የከሰልና የዕጣን ጭስም ያንኑ ቧንቧ ያስቆጣል፣ እኛም ሲጋራውን ብቻ ወንጅለን ይህን እንረሳዋለን። የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ሲደፍኑ ደግሞ ማንደጃ በፍጹም ወደ ክፍሉ እንዳያስገቡ አደራ እላለሁ፤ በተደፈነ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰውን እንደተኛ ይገድላል።

መልስ፦ እናት ከደብረ ብርሃን

ለልጄ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አፍልቼ እንፋሎቱን ስታጠነው ይቀላት ነበር። ማታ ማታ ብትሞክሪው ምን ይመስልሻል?

መልስ፦ ነርስ ከጅማ

እናቴ፣ በቀና ልብ እንደተናገሩ አውቃለሁ፤ ሆኖም ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንፋሎት ላይ ሲደፋ የሚቃጠልበት አጋጣሚ አለ፣ ጠንካራ ሽታም በራሱ አስሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሻይና እንፋሎት ሲጠበቅ ሰዓት ማለፉ ነው። ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ሳልቡታሞሉ ካልያዘለት ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ እየቆየ አንድ አንድ ጊዜ እየነፋ እስከ አሥር ይድረስ፤ በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስለ ጭምብል የሚጠይቅ ቢኖርም የጨርቅ ጭምብል የሲጋራን ጋዝ አይከለክልም።

መልስ፦ ሠላሳ ዓመት ያጨስኩ

ልጄ፣ የእኔ መልስ በአከራይሽ በኩል ያለውን ይመለከታል፤ እኔም እንደ እሳቸው ግቢዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳጨስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያጨስ ሰው የራሱን ጭስ አይሸተውም። ውጭ ከወጣ ጭሱ ወደ ሰማይ የሚሄድ ይመስለዋል፤ እኔም ለባለቤቴ ክብር ብዬ ውጭ በመውጣቴ እንደ ጨዋ ራሴን እቆጥር ነበር። የእህቴ ልጅ አስም እንዳለበት ያወቅሁት እኛ ቤት ባደረ ቁጥር ለምን እንደሚያስል እናቱ በግልጽ ስትነግረኝ ነው። አፈርኩ እንጂ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ለምን እስከዚያ ቀን ዝም እንዳለች ነው።

ስለዚህ ሲጋራው በእጃቸው እያለ አትናገሪያቸው። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ጠጋ ብለሽ ኢንሄለሩን በእጅሽ ይዘሽ ንገሪያቸው። እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ፤ እስካሁን ሳልነግርዎ መቆየቴ የእኔ ጥፋት ነው። ማታ የሚያጨሱት ጭስ በመስኮቱ እየገባ ሌሊት ትንፋሽ ያሳጥረኛል። በርጩማዎን ወደ ሮቶው ጥግ ቢያደርጉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።» ከዚህ አትለፊ። «ይተዉት»፣ «ለጤናዎ ጥሩ አይደለም» የሚል ነገር ከጨመርሽ ጥያቄሽ ወደ ምክር ይለወጣል፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ከተከራዩ ምክር መቀበል ይከብደዋል። አንድ ነገር ብቻ ለምኚ፤ የምትለምኚውም የቦታ ነገር ይሁን።

መልስ፦ የጤና ቁጥጥር ባለሙያ ከአዳማ

በግል መኖሪያ ግቢ ውስጥ ሕጉ ብዙ አይረዳዎትም፤ ከላይ አባታችን የሰጡት ምክር ለቤቱ ጉዳይ ትክክለኛው መንገድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በማንኛውም የተዘጋ የሥራ ቦታ፣ ሕዝብ በሚገለገልበት የተዘጋ ቦታና በሕዝብ ማጓጓዣ ውስጥ ማጨስን ሙሉ በሙሉ ከልክሏል፤ ደረጃና ኮሪደርም የሕንፃው አካል ናቸው። ክልከላው ከእነዚህ ቦታዎች በርና መስኮት ውጭ እስከ 10 ሜትር ድረስ ይዘልቃል፤ ስለዚህ «በሩ ላይ ወጥቼ ነው ያጨስኩት» የሚል መከራከሪያ አያዋጣም። ኃላፊነቱም የአጫሹ ብቻ ሳይሆን ቦታውን የሚያስተዳድረው አካል ጭምር ነው።

ባልደረቦችዎን አንድ በአንድ መጋፈጥ አይጠበቅብዎትም። የአዋጁን ቁጥር ጠቅሰው፣ የሐኪም ማስረጃዎን አያይዘው ለአስተዳደሩ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፣ ቅጂውንም ተቀባዩ ፈርሞበት ያስቀሩ። የተጻፈ ደብዳቤ መልስ ይፈልጋል፤ በቃል የተነገረ ቅሬታ ግን በማግስቱ ይረሳል። መልስ ካላገኙ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነፃ መስመር ጥቆማ ይቀበላል።

መልስ፦ ተከራይዋ ከኮልፌ (ከአራት ሳምንት በኋላ)

ወገኖቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ቤክሎሜታዞን ታዘዘልኝ፤ ሐኪሟ ስስብ አይታ ግማሹን መድኃኒት አየር ላይ እያባከንኩት እንደነበረ ነገረችኝ። የፕላስቲኩን ስፔሰር ራሴ ሠርቼ እየተጠቀምኩበት ነው። ከሰሉም እንደተባለው ነበር፤ የምናቀጣጥለው በእኔው መስኮት በኩል ስለነበረ ወደ በሩ አዛውረነዋል።

አከራዬን ያነጋገርኳቸው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ንግግሬን ሳልጨርስ ኢንሄለሩን ተቀብለው አገላብጠው ካዩት በኋላ «ሌሊት የምታስይው በእኔ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ብርድ የመታኝ መስሏቸው ነበር፤ ሾርባውን የሚልኩትም ለዚሁ ኖሯል። የዚያኑ ዕለት ማታ በርጩማቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ሮቶው ጥግ ወሰዱት። አሁን ሌሊት የምነቃው በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ነው። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ እየተሻለኝ ስለሆነ መከላከያውን ማቆም እችላለሁ?

መልስ፦ ነርስ ከጅማ

አያቁሙ። የተሻለዎት መድኃኒቱን ስለወሰዱ ነው፤ በሳምንት አንድ ሌሊት መንቃትም ገና ቁጥጥሩ እንዳልተሟላ ያሳያል። መጠኑ የሚቀነሰው ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል ያለ ምልክት ከቆዩ በኋላ፣ እሱም በሐኪም ውሳኔ ነው። መጋረጃውንና ጋቢውን ካላጠቧቸው ይጠቡ፤ የሲጋራ ጭስ ጨርቅ ላይ ለብዙ ጊዜ ይቆያል።