አማቴን ለቅዱስ ቁርባን ዑደት ልወስዳቸው ነው፤ እኔ ኦርቶዶክሷ እዚያ ምን አደርጋለሁ?

የቤቲ እናት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ካቶሊክ ነው፤ እናቱም ከእምድብር መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። አማቴ በሃይማኖታቸው ቀልድ አያውቁም። በልጅነታቸው ካፑቺን ከሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት የተማሩትን ጸሎት እስከ ዛሬ አንዲት ቃል ሳይስቱ ይወጡታል፤ መቁጠሪያቸው ከጠፋ ሶፋው ሳይቀር ተገልብጦ ይፈተሻል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የተደረገውን ትልቁን የቅዱስ ቁርባን ጉባኤ በቴሌቪዥን ከተከታተሉ ወዲህ ቅሬታቸው አላባራም። «የሦስት ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ እዚህ አስቀመጣችሁኝ» ይላሉ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ ክሱ እንደ አዲስ ይከፈታል። አሁን በሰፈራችን ያለው የፈረንጆች ቁምስና (የካቶሊክ አጥቢያ) ግንቦት 30 እሑድ ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ በመንገድ እንደሚዞር አስታውቋል። ባለቤቴ የዚያን ቀን ሥራ ገቢ ነው። ስለዚህ የምወስዳቸው እኔ ነኝ።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። አማቴ ጉልበታቸው ታሟል፤ ሐኪም እንዳይንበረከኩ ከልክሏቸዋል፤ እርሳቸው ግን «ፊቱ ቆሜ ላየው ነው እንዴ?» ይላሉ። መንገዱ ምን ያህል ይረዝማል? ደግሞስ እኔ እዚያ ምን ላድርግ? ልስገድ፣ ልቁም ወይስ መኪና ውስጥ ልጠብቅ? ከሁሉም በላይ ግን ያልገባኝ ነገር አለ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥጋ ወደሙ ከቅዳሴ በኋላ አያድርም፤ አደባባይ መውጣቱ ቀርቶ ከመቅደስ ደጅ እንኳ ለቆራቢ ካልሆነ አይወጣም። ለጥምቀት የሚወጣው ታቦት ነው። እነርሱ እንዴት አስፋልት ላይ ያወጡታል? አማቴን ብጠይቃቸው «መጥተሽ እዪው» ብለው ዝም አሉ።

የምታውቁ አስረዱኝ። ክርክር ግን አልፈልግም፤ እርሱስ ቤታችን ውስጥ ሞልቷል።

ነርሷ ከዴንቨር

ስለ ጉልበቱ ብቻ ልመልስ። የሚታጠፍ ወንበር ያዢ። መንገዱ እንደየቁምስናው ይለያያል፤ በአንዳንዱ ግቢውን ብቻ ይዞሩታል፤ በአንዳንዱ ደግሞ የሰፈሩን ጎዳናዎች ያዳርሳሉ። ቀደም ብለሽ ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት ደውይና መስመሩን ጠይቂ። ሽማግሌዎችን መጨረሻው ቦታ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ማንም አይታዘብም። ባርኔጣና ውኃም አይረሳ።

የአሊቴና ልጅ

እህቴ፣ እኔ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊክ ነኝ፤ ማለት ከሮም ጋር ሆነን በግእዝ ሥርዓት ከምንቀድሰው ወገን፤ የምኖረው ቺካጎ ነው። አማትሽ የተቆጩበት የኢንዲያናፖሊስ ጉባኤ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደተደረገ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፒው የተባለው የጥናት ተቋም የአሜሪካ ካቶሊኮችን ጠይቆ፣ ኅብስቱና ወይኑ በቅዳሴ ጊዜ እውነተኛ ሥጋና ደም ይሆናል ብለው የሚያምኑት ከሦስት አንድ እጅ ገደማ ብቻ እንደሆኑ አወጣ። የተቀሩት ምሳሌ ነው፣ ምልክት ነው አሉ። ጳጳሳቱ ደነገጡ፤ ቢደነግጡም አይፈረድባቸውም። ከ2022 ጀምሮ የሦስት ዓመት የተሐድሶ መርሐ ግብር ነደፉ፤ ጉባኤው የዚያ ቁንጮ ነበር። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ብሔራዊ የቅዱስ ቁርባን ጉባኤ ሲደረግ ከ83 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ የቀደመው እ.ኤ.አ. በ1941 ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል ላይ ነበር።

ከጉባኤው በፊት ደግሞ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን አራት የእግር ጉዞዎች ተነሡ፤ አንዱ ከሳን ፍራንሲስኮ፣ አንዱ ከቴክሳስ ጠረፍ ከብራውንስቪል፣ አንዱ ከኒው ሄቨን፣ አንዱ የሚሲሲፒ ወንዝ ከሚመነጭበት ከሰሜን ሚኒሶታ። ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው፣ በየከተማው እያደሩ፣ ሁለት ወር ያህል ተጉዘው ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተገናኙ። ጉባኤው ከሐምሌ 10 እስከ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነበር። ቦታው የአሜሪካ እግር ኳስ የሚጫወቱበት ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው።

ሐቁን ልንገርሽ፤ የመድረኩ ሙዚቃና የመብራቱ ጨዋታ ለእኔ አልተመቸኝም። ቅዳሴያችንን በጸናጽልና በከበሮ ለለመደ ሰው ጊታር የሙሽራ ቤት ዘፈን ይመስለዋል። ግን በመጀመሪያው ምሽት መብራቱ ጠፋና የክሩክስተን ጳጳስ አንድሩ ኮዘንስ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ገቡ። የያዙት ዕቃ ዙሪያው እንደ ፀሐይ ጨረር የተሠራ፣ መካከሉ በመስተዋት የተዘጋ፣ ለራሱ የሕፃን ቁመት ያህል ያለው ነው። ኅብስቱ ከመስተዋቱ ጀርባ ይታያል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ወደ አምሳ ሺህ ይጠጋ ነበር፣ በአንድ ጊዜ ተንበረከከ። የስታዲየም ወንበሮች መካከል ያለው ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ጠባብም ነው። ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የመርሐ ግብሩን መጽሔት አራት አጥፈው ከጉልበታቸው ሥር አደረጉ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳባቸውን ቀየሩና አውጥተው ለሚስታቸው ሰጡ። ፈንዲሻ የሚሸጥበት መስኮት ላይ የቆመው ልጅ እንኳ ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ግን ልቤ የቀረው ከጉባኤው አዳራሽ ፊት ለፊት ያለችው የቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዱስ ቁርባኑ መንበር ላይ ተቀምጦ ሌሊትና ቀን ክፍት ነበረች። እኩለ ሌሊት ላይ ገብቼ መቀመጫ አጥቻለሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ጉባኤው እዚያ ነበር፤ ስታዲየሙ ለካሜራው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ዑደቱ ወጣ። ቅዱስ ቁርባኑ በአበባ ባጌጠ ተጎታች ላይ ሆኖ፣ ካህናቱና መነኮሳቱ ቀድመው፣ ሕዝቡ ተከትሎ ከአዳራሹ እስከ ከተማው የጦርነት መታሰቢያ አደባባይ ድረስ ሄድን። እኔ ከዳር ነበርኩ። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ የሆነ አንድ ሐበሻ ከትኬት ቤቱ ወጥቶ በአማርኛ ስናወራ ሰማና ቀርቦ ምን ብሎ ጠየቀ መሰለሽ? «ታቦቱ የማን ነው?» አለን። ጓደኛዬ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ያንቺም ጥያቄ ያው ነውና።

የካቶሊኮች ሐሳብ ይህ ነው፦ ቅዳሴው ሲያበቃ ኅብስቱ ሥጋነቱ አያበቃም፤ ስለዚህ ለሕሙማን ተብሎ የሚቀመጠውን ፊቱ ሆነው ይሰግዱለታል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ወደሚኖርበት ጎዳና ያወጡታል። ልማዱ ከሐዋርያት ዘመን የመጣ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን በሊዬዥ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ ዩልያና የምትባል መነኩሲት ለቅዱስ ቁርባን የተለየ በዓል እንዲከበር ስትወተውት ኖረች፤ እርሷ ካረፈች በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዑርባኖስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1264 ለመላው ቤተ ክርስቲያን አወጁት። ዑደቱ ከዚያ ወዲህ ተከተለ። ጉባኤው ደግሞ የቅርብ ነገር ነው፤ ኤሚሊ ታሚዝዬ የተባለች ፈረንሳዊት ምእመን ጳጳሳቱን አላስቀምጥ ብላ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1881 ሊል ከተማ ተደረገ። ሁለቱም ጊዜ ነገሩን የገፉት ሴቶች መሆናቸውን ልብ በይ፤ አማትሽ ዝም ብለው አልመጡበትም።

እኛ የግእዝ ሥርዓት ሰዎች ይህን ከላቲን ሚስዮናውያን ነው ያገኘነው። ከቀሳውስቶቻችን መካከል ወደ ጥንቱ ሥርዓታችን እንመለስ የሚሉ አሉ፤ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ሰነድ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያናት የአባቶቻቸውን ሥርዓት እንዲጠብቁ አዟል። ክርክሩ ይገባኛል። ግን እንደ አማትሽ ያሉ እናቶችን «ይህ የእናንተ አይደለም» የሚል ቄስ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝም አላስጠጋውም።

ዲያቆን ከዳላስ

ሰላም ለሁላችሁም። ክርክር ስላልፈለግሽ አልከራከርም፤ የእኛን ወገን ብቻ ላስቀምጥ።

ያልሽው ትክክል ነው። በእኛ ሥርዓት ቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ለዕለቱ ነው፤ የተረፈውን ካህናቱና ዲያቆናቱ ይቀበሉታል፤ ለነገ አይቆይም። ለመብል ተሰጠ እንጂ ለማየት አልተሰጠም የሚል ነው የአባቶች ሐሳብ። ይህ ማለት ግን አናከብረውም ማለት አይደለም። ካህኑ የጌታን ቃል ሲናገር ሕዝቡ «አሜን አሜን አሜን፤ ነአምን ወንትአመን» የሚለው ምን ብሎ ነው? በአገር ቤት ወደ አማትሽ ቁምስና ብትሄጂ በግእዝ ይህንኑ ትሰሚያለሽ፤ ከእኛው መጽሐፍ ነውና የሚቀድሱት። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሊያስተምሩት የፈለጉትን የእኛ ሕዝብ በየቅዳሴው ይመሰክረዋል።

ምን ላድርግ ላልሽው፦ አማትሽን መውሰድ በጎ ሥራ ነው፤ ሂጂ። ነጠላሽን ተከናንበሽ በአክብሮት ቁሚ። ከዑደቱ በፊት ቅዳሴ ካለ አትቁረቢ። የእነርሱ ሕግ የኦርቶዶክስ ምእመን ራሱ ከጠየቀ ሊፈቅድለት ይችላል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን አትፈቅድም። በዑደቱ ላይ ራሱ ማንም አይቆርብም። ስለ መስገዱ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና እርሳቸው ያሉሽን አድርጊ፤ እኔ በዚህ ገጽ ላይ ሆኜ ልወስንልሽ አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ግንቦት 30 ቀን የሰኔ ጾም ውስጥ ነው፤ ግንቦት 24 ገብቷል። ፈረንጆቹ ከዑደቱ በኋላ ግቢ ውስጥ ሥጋ መጥበሳቸው አይቀርም። ምግብሽን ይዘሽ ሂጂ።

የአሊቴና ልጅ

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ለመብል እንጂ ለማየት አይደለም» ባሉት ላይ ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ጠያቂዋን አክብሬ ትቼዋለሁ።

እህቴ፣ መጨረሻው ላይ እንዳይደናገርሽ፦ ዑደቱ ሲያበቃ ካህኑ ትከሻው ላይ ረጅም ጨርቅ ያደርጋል፤ እጁን በጨርቁ ጠቅልሎ ዕቃውን ያነሣና ምንም ሳይናገር በመስቀል አምሳል ሕዝቡን ይባርካል። እጁን የሚሸፍነው ቡራኬው የእርሱ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ያን ጊዜ ደወል ይደወላል። ሁሉም የሚንበረከከው እዚህ ላይ ነው፤ አማትሽን መያዝ ያለብሽም እዚህ ላይ ነው። ጉልበቱ የታመመ ሰው ተቀምጦ ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ይበቃል፤ ሥርዓቱም ይፈቅዳል። እኔ ብነግራቸው እንደማይሰሙኝ አውቃለሁና ካህኑ ራሳቸው እንዲነግሯቸው ቀድመሽ ለምኛቸው።

ስለ ቅሬታቸው ደግሞ፦ ቀጣዩ የአሜሪካ ብሔራዊ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2029 ነው። ዓለም አቀፉ በ2028 ሲድኒ ላይ ይደረጋል፤ ያ ግን ለጉልበት ሩቅ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በ1977 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ናይሮቢ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም ተገኝተዋል። ይህን ግን አትንገሪያቸው። ለጎረቤት አገርም ሳትወስዱኝ ቀራችሁ ብለው አዲስ ክስ ይከፍታሉ።

የቤቲ እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ጠዋት ቁምስናው ጋ ደወልኩ። መስመሩ ስድስት መንገድ ማቋረጫ ያህል ነው አሉኝ፤ መጨረሻው ላይ ዛፍ ሥር ወንበር ይደረደራል። ካህኑም አማቴን አነጋግረው «ይቀመጡ» ሊሏቸው ቃል ገብተዋል። የንስሐ አባቴን ደግሞ ዛሬ ማታ እደውልላቸዋለሁ።

የናይሮቢውን ግን ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ኖሮ ለእናቱ ጮክ ብሎ ነገራቸው። በ1977 እምድብር ላይ ምን ሲሠሩ እንደነበረ አሁን እየተቆጠረ ነው።

ዲያቆን፣ ስለ ጾሙ ያሉት ጠቀመኝ። ሽሮ በፔርሙዝ ይሞቃል ወይ? ሌላ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ።

ነርሷ ከዴንቨር

አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ከሆነ እስከ ምሳ ድረስ አይቀዘቅዝም። ቀጠን አድርጊው፤ ሲውል ይወፍራል።