ዲስኒ ወርልድ በኮቪድ ሰሞን (ኦገስት 2021)፦ እናትና ልጆች ይዛችሁ ለመምጣት ላሰባችሁ

ይህን የጻፍኩት በኦገስት 2021 ነው፣ ደንቦቹም የዚያን ጊዜ ናቸው። እህቴ፣ ከቨርጂንያ ልጆችሽንና ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጡትን እናትሽን ይዘሽ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ወዳለው መዝናኛ ፓርክ፣ ዲስኒ ወርልድ፣ ለመምጣት እንዳሰብሽ ጽፈሽ አነበብኩ። ለጥያቄሽ የመለሱልሽም ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ «ክፍት ነው፣ ምን ችግር አለው» ይላል። ሌላው «ዴልታ የሚባለው የኮቪድ ዝርያ በተነሳበት ልጅ ይዞ እዚያ መሄድ እብደት ነው» ይላል። እኔ የምኖረው ኦርላንዶ ነው፣ ሥራዬም ነርስነት ነው። እንደኔ፣ ነገሩን የሚወስነው ማን አብሮሽ እንደሚመጣና ቀኑን እንዴት እንደምታውሉት ነው።

ከእናትሽ ልጀምር። ስኳር አለባቸው፣ ገና አልተከተቡም ብለሻል። ከትኬቱ በፊት የኮቪድ ክትባታቸውን ጨርሺ። በጉብኝት ቪዛ የመጣ ሰው አይከተብም የሚባለው ልክ አይደለም። በዚህ በ2021 ክትባቱ በነፃ ነው፣ ኢንሹራንስም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠይቅም። ፋይዘር ከሆነ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል 3 ሳምንት አለ። ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ 2 ሳምንት መጠበቅ ነው። ዛሬ ቢጀምሩ 5 ሳምንት ማለት ነው። የ13 ዓመቷ ልጅሽም እንደዚያው። ትንሹ ግን 12 ስላልሞላው እስከ ኦገስት 2021 ለእሱ የተፈቀደ ክትባት የለም። እሱን የሚጠብቀው የእናንተ መከተብና በልኩ የሆነ ማስክ ነው።

አምናን (2020) እና ዘንድሮን (2021) አታምታቱ። ፓርኩ ማርች 2020 ተዘግቶ ጁላይ 11 ሲከፈት የሚገባው ሰው ቁጥር ተገድቦ ነበር። በር ላይ ሙቀት ይለካ ነበር፣ ውጭም ሆነ ውስጥ ማስክ ግዴታ ነበር፣ ርችቱም የሰልፍ ትርኢቱም ቀርቶ ነበር። አሁን ሙቀት መለካቱ ቀርቷል፣ ርችቱ ከጁላይ ጀምሮ ተመልሷል፣ ሰዉም እንደዚያው። ከጁላይ 30፣ 2021 ወዲህ ግን 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ፣ ቢከተብም ባይከተብም፣ በፓርኩ ሕንፃዎች ውስጥና አውቶቡስ ላይ ማስክ ማድረግ አለበት። በዚህ በ2021 ደንብ፣ ከትኬቱ ሌላ የምትገቡበትን ፓርክና ቀን አስቀድማችሁ ማስያዝ እንዳትረሱ። ያለዚያ ከበር ትመለሳላችሁ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሮለር ኮስተሩ (ፈጣኑ የመዝናኛ ባቡር) ላይ የሚይዘውን ብረት ነው። ሳኒታይዘር ጥሩ ነው፣ ይዛችሁ ዙሩ። ግን ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ነው። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ጣሪያ ያለው ወረፋ፣ የታጨቀ ምግብ ቤትና ዝናብ ሲመጣ የሚሞላው ሱቅ ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ኦርላንዶ ከሰዓት በኋላ ዝናብና መብረቅ የተለመደ ነው። ያኔ ውጭ የነበረው ሕዝብ በአንዴ ጣሪያ ፍለጋ ይሮጣል። ከዚያ በፊት ውጡ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ወደ ሆቴል ሂዱና እናትሽ ይረፉ። ከፈለጋችሁ አመሻሽ ላይ ትመለሳላችሁ። ማስክ በላብም በዝናብም ይርሳል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቅያሪ ያዙ።

ከዲስኒ ወርልድ ፓርኮች ለእናትሽ የእንስሳቱ ፓርክ፣ አኒማል ኪንግደም፣ ይሻላል ባይ ነኝ። ሳፋሪው ጎኑ ክፍት በሆነ መኪና ነው፣ አየሩ እንደልብ ነው። ወደ ሌላው ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም፣ ከሄዳችሁ ደግሞ እንደ ፒተር ፓን ያለውን መጫወቻ፣ ወረፋው ቤት ውስጥ የሆነውን፣ ገና በማለዳ ጨርሱት። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ በመስታወት ዕቃ ግን አይሁን። ዳቦና ቆሎ ይዛችሁ ዛፍ ሥር ብሉ። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ጋ በረዶ ያለው ውኃ ብትጠይቂ በነፃ ይሰጡሻል።

አሁን ዋናው ነገር። ከሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ጋር በአንድ ቫን እንደምትመጡ ጽፈሻል። ከፓርኩ ይልቅ ቫኑ ያሳስበኛል። ከዚያ እስከዚህ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነው። መስኮት ተዘግቶ፣ ልጆች ተደራርበው፣ እየበሉና እየዘፈኑ። የኛን ሰው ደግሞ አውቀዋለሁ። ልጅ ማታ ሲያስል አድሮ ጠዋት ማንም አይናገርም። ሆቴል ተከፍሏል፣ ሰው ይጠብቀናል፣ ጉዞውን እኛ አበላሸነው እንዳይባል ይሉኝታ ይይዘናል። «ብርድ ነው» ተብሎ ቫኑ ውስጥ ይገባል። በሥራዬ፣ በዚህ ምክንያት አንድ ቤት ሙሉ ሲታመም አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሦስታችሁም ቤተሰቦች ቁጭ በሉና ተነጋገሩ። ያሳለው፣ ያተኮሰው፣ ጉሮሮውን ያመመው ይቀራል፣ ማንም አይቀየመውም። የቀረው ቤተሰብ ለሆቴል የከፈለውን ሌሎቹ ይካፈሉለት። ይህን ቀድማችሁ ከተስማማችሁ ልጇ ያሳለባት እናት ጠዋት ስልክ ደውላ «እንቀራለን» ለማለት አታፍርም። ሆቴልም ስትይዙ መሰረዝ የሚቻለውን ምረጡ። ባይሆን በየመኪናችሁ ኑ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ሌበር ዴይ (የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን በዓል) ዘንድሮ ሴፕቴምበር 6 ነው፣ ያን ሰሞን ተዉት። እንቁጣጣሽም ዘንድሮ ቅዳሜ ይውላል፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰው ይበዛል። ኦክቶበር 1 ደግሞ ፓርኩ 50 ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው፣ ከየቦታው ሰው ይጎርፋል። ትምህርት ቤት ጥቂት ቀን ማስፈቀድ ከቻልሽ ከሴፕቴምበር 20 በኋላ ያለው ሳምንት፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጥሩ ነው። የእናትሽም ክትባት ያኔ ይደርሳል።

ከአዲስ አበባ በቅርቡ ልጆቿን ያመጣች ሌላ እህት ደግሞ ኩፍኝ ያሰጋል ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄዋ ትክክል ነው። በ2014 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ዲስኒላንድ ውስጥ የተነሳ ኩፍኝ ከመቶ በላይ ሰው ይዟል፣ ብዙዎቹ ያልተከተቡ ነበሩ። አገር ቤት በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት እዚህ አይቆጠርም፣ ምክንያቱም ከ12 ወር በፊት ነው። የክትባት ካርዱን ለልጆቹ ሐኪም አሳዪው።

ወደ አንቺ ልመለስ፦ ከጉዞው ስትመለሱ፣ በ2021 መመሪያ መሠረት፣ ያልተከተበው ልጅ ከ3 እስከ 5 ባለው ቀን ለኮቪድ ይመርመር፣ ውጤቱ ኔጌቲቭ ቢሆንም እንኳ 7 ቀን ቤት ይቆይ። ትምህርት ቤቱ ይህን እንደሚፈቅድ ከወዲሁ ጠይቂ። ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶ ቤትም ይዛችሁት አትሂዱ። እናትሽ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ በ2021 ደንብ፣ የፒሲአር (የኮቪድ ምርመራ) ውጤት ይጠየቃሉ። የዲስኒው ጉዞ ከበረራቸው ጋር ከተጠጋ ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢመጣ ይቀራሉ። የመመለሻ ትኬታቸው ለመቼ ነው የተቆረጠው? እሱን ጻፊልኝና ቀኑን አብረን እንይ።