ቀለም የተቀባ ሊሾ ላይ ሴራሚክ ይነጠፋል?

ሰላም ጓዶች። ሳሎኑ የድሮ ሊሾ ነው፣ ቀለም ተቀብቷል። ጥጉ ላይ ደግሞ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነስቶ ኮላው ቀርቷል። ሠራተኛው "በላዩ እናንጥፈው፣ ምንም አይልም" ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ 1፦
ኧረ በፍጹም! ማጣበቂያው የሚይዘው ሊሾውን ሳይሆን ቀለሙን ነው፣ ቀለሙ ሲላጥ ሴራሚኩም አብሮት ይነሳል። እኔ መታጠቢያ ቤቴ ላይ ቸኩዬ ወራት ሳይቆይ ስረግጠው ቋ ቋ ይል ጀመር። ውሃ ጠብ አድርግበት። ከመጠጠው ጥሩ፣ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ መፋቅ አለበት።

መልስ 2፦
ትክክል። በመዶሻ እጀታም ወለሉን ኳ ኳ እያደረግክ ዙር፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በመሮ አንሳና በሲሚንቶ ሙላው። ከዚያ 2 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ አጋድምበት፤ ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካየህ አስተካክል፣ በተለይ ሴራሚኩ ትልልቅ ከሆነ። አቧራውን ጥርግ አድርገህ ፕራይመር (ማጣበቂያው እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ) ቀባ። አቧራ ላይ ምንም አይጣበቅም፣ ሰው ግን ይህችን ይንቃታል።

መልስ 3፦
ኮላው ጥቁርና የቆየ ከሆነ በደረቁ እንዳትፍቀው! አስቤስቶስ (አቧራው ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ) ሊኖርበት ይችላል፣ መጀመሪያ አስመርምረው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ጠብታው 10 ደቂቃ ሙሉ ፍንክች አላለም 😅 ኮላው ቢጫ ነው። ግን በሩስ? ወለሉ ከፍ ሲል አይነካም?

መልስ 2፦
የሴራሚኩን ውፍረትና የማጣበቂያውን ደምረህ ለካ። ከነካ በሩን ከሥር ታስላጨዋለህ።